ዋጋ ያልተከፈለበት የማኅበራዊ መገናኛ ሥራና የሚጠናበት ዘዴ፦ ከሞጣና ከቢቸና አንፃር የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ደመወዝ ያልተቆረጠለት ሥራ ሥራ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ጥናቶች ውስጥ በግልጽ ሳይነገር የሚቀመጥ መነሻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን የሚያውቀው በሥራ ውልና በደመወዝ ነው፤ ይህም ለሕጉ ዓላማ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ውልና ደመወዝ በሌለበት ቦታ ሁሉ ሥራ የለም ብሎ መደምደም ተመራማሪውን ከብዙ እውነት ያርቀዋል። ምሽቱን ስልኩን ይዞ የትምህርት ማስታወሻ የሚጽፍና ለተማሪዎች ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መምህር፣ ጎጂ መልእክት አይቶ የሚጠቁም ወጣት፣ የመንደሩን ዜና ለዘመዶቿ የምታደርስ እናት ሁሉም አንድ ነገር ያፈራሉ። ካፈሩት ውስጥ ከፊሉ ለጎረቤታቸው ይደርሳል፤ ከፊሉ ደግሞ ለማስታወቂያ አስነጋሪ በሚሸጥ የተጠቃሚ ትኩረትና መረጃ መልክ ለኩባንያ ገቢ ይሆናል።

ይህን ጉዳይ የሚመለከተው ምርምር በውጭ አገር ከተጀመረ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በአገራችን መምህራን ኮሌጆችም የተግባር ምርምር ርእስ ሊሆን የሚገባበት ጊዜ ደርሷል። ስለዚህ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ዘዴው መመርመር ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ የሚመዝነው ኩባንያዎቹን ሳይሆን የጥናቱን መንገዶች ነው። መመዘኛው የተወሰደውም በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣና በቢቸና አካባቢ፣ ገበሬው ያለ ደመወዝ የሚሠራውን ሥራ ዐይነት በዐይነት ለይቶ ከሚያውቅበት ልማድ ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ዋናው ጥያቄ «ሥራው ተከፍሎበታል ወይስ አልተከፈለበትም?» ሳይሆን «የሥራው ፍሬ ወዴት ሄደ? ለማን፣ በምን መብትስ ተመለሰ?» መሆን ይገባዋል የሚል ነው።

አራቱ የተለመዱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ጉዳዩን ከላይ ወደ ታች የሚያይ ነው። ካናዳዊው ዳላስ ስማይዝ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ለማስታወቂያ አስነጋሪ የሚሸጠው ፕሮግራሙን ሳይሆን አድማጩንና ተመልካቹን ነው ሲል አስገነዘበ። ጣሊያናዊቷ ቲዚያና ቴራኖቫ በ2000 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ኢንተርኔት አሻግራ፣ ሰዎች በፈቃዳቸውና በደስታ የሚሠሩት ሥራ የሌላው ሀብት ምንጭ ሊሆን እንደሚችል አሳየች። ከእነርሱ ቀጥሎ ክርስቲያን ፉክስ ሐሳቡን በፌስቡክና በመሰሎቹ ላይ በሰፊው ተረጎመው። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ትርፉ በማን ኪስ እንደሚገባ መደበቅን የሚከለክል መሆኑ ነው።

ጉድለቱ ግን ለሁሉም አንድ ፍርድ መስጠቱ ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ራሱ ባወጣው የሒሳብ መግለጫ እንደሚታየው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ሩብ ዓመት ከአንድ የአሜሪካና የካናዳ ተጠቃሚ በአማካይ ከ68 ዶላር በላይ ገቢ ሲገኝ፣ አፍሪካ ከምትገኝበት የ«ሌላው ዓለም» ምድብ ግን ከአንድ ተጠቃሚ የተገኘው ከ6 ዶላር ያነሰ ነበር። በዚህ ልክ ብቻ የሚሄድ ተመራማሪ የቢቸና መምህር ሥራ ከኒው ዮርክ ወጣት ሥራ ከአሥር እጅ በላይ ያነሰ ነው ወደ ማለት ይደርሳል። የመምህሩ ድካም፣ የተማሪው ጥቅምና የመብራቱና የኔትወርኩ እጦት በሒሳቡ ውስጥ አይገቡም። ሒሳቡ የሚለካው የማስታወቂያ ገበያውን እንጂ ሥራውን አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ በቃለ መጠይቅ የተጠቃሚውን ስሜት የሚጠይቅ ነው። «ይህን የምታደርገው እንደ ጨዋታ ነው ወይስ እንደ ሥራ? ተበዝብዣለሁ ትላለህን?» የሚሉ ጥያቄዎች በመጠይቁ ውስጥ ይደረደራሉ። ዴቪድ ሄዝሞንዳልሽ በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ያልተከፈለበት ሥራ ሁሉ ብዝበዛ ነው ማለት ከባድ ስሕተት ነው፤ ሰው ለወዳጁ፣ ለማኅበሩና ለሙያው ፍቅር ብሎ የሚሠራው ብዙ ነው። ማሳሰቢያው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ የተጠቃሚው ስሜት ነገሩን ይወስነዋል ማለት ሌላ ስሕተት ያስከትላል። በደቦ የሚያጭድ ጎበዝም እያዜመ ያጭዳል፤ ዜማው ግን እህሉ በማን ጎተራ እንደሚገባ አይነግርም። ደስታና ድካም በአንድ ሥራ ውስጥ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ የደስታው መኖር የድካሙን ሒሳብ አይዘጋውም።

ሦስተኛው መንገድ በኮምፒዩተር አማካይነት የጽሑፎችን፣ የአስተያየቶችንና የማጋራቶችን ቁጥር የሚሰበስብ ነው። ብዙ መረጃ በአጭር ጊዜ ስለሚሰጥ ወጣት ተመራማሪዎችን ይማርካል። ሆኖም የመረጃው በር ቁልፍ ያለው በኩባንያው እጅ ነው። ፌስቡክ በ2018 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይ በኋላ በሩን አጠበበ፤ ትዊተር በ2023 እ.ኤ.አ. ነፃውን አገልግሎት አቆመ፤ ተመራማሪዎች ይገለገሉበት የነበረው ክራውድታንግልም በነሐሴ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከዚህም በላይ ቁጥሩ የሚይዘው በመድረኩ ላይ ዱካ የተወውን ብቻ ነው። በገጠር አንድ ስልክ ለአንድ ቤተ ሰብ ወይም ለአንድ ጓደኛሞች ስብስብ ያገለግላል፤ አንድ ማስታወሻ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ከስልኩም በእጅ ወደ ደብተር ይገለበጣል። እንዲህ ያለው ጉዞ በማናቸውም ቆጣሪ ላይ አይታይም። ስለሆነም ቁጥሩ ትንሽ ስለ ሆነ ሥራው ትንሽ ነው ማለት አይቻልም።

አራተኛው መንገድ ከሴቶች የቤት ውስጥ ሥራ ጥናት የተወለደ ነው። ማሪያሮዛ ዳላ ኮስታና ሴልማ ጄምስ በ1972፣ ሲልቪያ ፌዴሪቺ በ1975 እ.ኤ.አ. የቤት ሥራ ደመወዝ የሌለው ስለ ሆነ ብቻ «የተፈጥሮ ግዴታ» ተብሎ መታለፉን ተቃወሙ። ካይሊ ጃረት በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን ትምህርት ለዲጂታሉ ሥራ አዋለችው። ይህ መንገድ ለአገራችን እጅግ ቅርብ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያልተከፈለበት ሥራ በቁጥር ሊያዝ እንደሚችል፣ የሸክሙም ትልቁ ክፍል በሴቶች ላይ እንደሚያርፍ ታይቷል። ይሁን እንጂ ቤትና መድረክ አንድ አይደሉም። በቤት ውስጥ ተጠቃሚው ከማዕዱ ዙሪያ ተቀምጦ ይታያል፤ በመድረኩ ላይ ግን ተጠቃሚው ከባሕር ማዶ ያለ፣ ስሙም ለሠራተኛው የማይታወቅ ነው። የቤቱ ምሳሌ ድካሙን አጉልቶ ቢያሳይም የፍሬውን መንገድ ተከታትሎ ለማሳየት ብቻውን አይበቃም።

ደቦ፣ ወንፈልና ሁዳድ

አራቱም መንገዶች በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሥራን በተከፈለበትና ባልተከፈለበት ብቻ ይከፍላሉ። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ግን ያለ ደመወዝ የሚሠራውን ሥራ ቢያንስ በሦስት ስም ይለየዋል። ስሞቹ የሚለያዩትም በፍሬው መመለሻ መንገድ ነው።

ወንፈል ብድር ነው። ገበሬዎች በየተራ አንዱ በሌላው ማሳ ላይ ይውላሉ፤ ቀን በቀን፣ በሬ በበሬ፣ ጉልበት በጉልበት ይቆጠራል። መዝገብ ባይኖርም ሒሳቡ በሁሉም ልብ የተጻፈ ነው፤ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው በሰው ይተካል፤ አለዚያም ስሙ ይነሣል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው የሚያርሱበት መቀናጆም የዚሁ ወገን ነው። ደቦ በአንጻሩ ጥሪ ነው። ባለ ሥራው ጠላውን ጠምቆ፣ ምግቡን አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ቀኑ ልክ በልክ አይቆጠርም፤ ነገር ግን የተጠራ ሰው በተራው ሊጠራ እንደሚችል የታወቀ ነው። ሁዳድ ግን ከሁለቱም የተለየ ነበር። በቀድሞው የጉልት ሥርዓት ጭሰኛው ወይም ገባሩ በጌታው እርሻ ላይ ያለ ዋጋ ይውል ነበር፤ ምርቱ ወደ ጌታው ጎተራ ይገባል፤ ለሠራተኛው የሚመለስለት በመሬቱ ላይ የመቆየት ፈቃድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው የጉልበት ግዴታ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከሥር መሠረቱ ተነቅሏል።

እነዚህ ሦስት ስሞች ለተመራማሪው ተረት ሳይሆኑ መሣሪያ ናቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣሉ፦ ሥራውን ማን ጠራው? ፍሬው የት ተከማቸ? እምቢ ያለ ሰው ምን ይደርስበታል? ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ከተገኘ፣ ያልተከፈለበት ሥራ ሁሉ በአንድ ቃል ከመጠቅለል ይድናል።

ነገር ግን የገጠሩን ልማድ እንደ ገነት መሳል አይገባም። በደቦ ቀን በማሳው ላይ የዋለው ወንድ ይቆጠራል፤ ብቅሉን ያበቀለችው፣ ጌሾውን የወቀጠችው፣ ጠላውን የጠመቀችውና እንጀራውን የጋገረችው ሴት ግን «ደቦ ወጣች» አትባልም። ድካሟ ከደቦው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ በደቦው ሒሳብ ውስጥ ግን አይገባም። ስለዚህ የአራተኛው መንገድ ትምህርት በራሱ በደቦውም ላይ ሊሠራበት ይገባል። በዲጂታሉ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ሴት መምህር ማስታወሻ የምትጽፍበት ሰዓት ወንዱ ከሚጽፍበት ሰዓት ጋር በቁጥር ቢተካከልም፣ ከቤት ሥራ በኋላ የተረፈ የእንቅልፍ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

የመምህሩ ምሽት

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ጥረት ተደረገ። መምህራን ማስታወሻቸውን በስልክ ፎቶ እያነሡ ላኩ፤ ጥያቄዎችን ተየቡ፤ የተማሪ ግሩፕ ከፍተው አስተዳደሩ። ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላም ልማዱ አልቀረም። ዛሬ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ከመጽሐፉ ጎን ለጎን የሚፈልገው የቴሌግራም ቻናል አለው፤ የዚያ ቻናል ይዘት በአብዛኛው የመምህራን የምሽት ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ከሦስቱ ስሞች የትኛው ይገባዋል? መልሱ አንድ አይደለም፤ የሂሱም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ሁለት የፊዚክስ መምህራን ተራ በተራ ጥያቄ አዘጋጅተው ቢለዋወጡ ሥራቸው ወንፈል ነው። አንድ መምህር ለአካባቢው ልጆች ብሎ የማጠናከሪያ ትምህርት ቢለቅና ሌሎቹ ጥሪውን ሰምተው ቢያግዙት ደቦ ነው። ነገር ግን መድረኩ ራሱ ባለ ሥራ ሆኖ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ቴሌግራም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ1000 በላይ ተከታይ ባላቸው ይፋዊ ቻናሎች ላይ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመረ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚሁ ገቢ ግማሹን ለቻናሉ ባለቤት የማካፈል አሠራር አስተዋወቀ። በዚህም መሠረት 900 ተከታይ ያለው መምህርና 1100 ተከታይ ያለው መምህር አንድ ዐይነት ሥራ እየሠሩ የሥራቸው ፍሬ የሚሄድበት መንገድ የተለያየ ነው። የሌሎች መምህራንን ማስታወሻ እየሰበሰበ ትልቅ ቻናል ያቆመ ሦስተኛ ሰው ቢኖር ደግሞ የገቢው ተካፋይ የሚሆነው ጸሐፊው ሳይሆን ሰብሳቢው ነው። ሰዓት የሚቆጥር ጥናት ይህን ልዩነት አያየውም፤ ስሜት የሚጠይቅ ጥናትም አያየውም። የሚያየው ፍሬውን የሚከታተል ጥናት ብቻ ነው።

ጥያቄው ወደ ራሱ ወደ ትምህርት መሥሪያ ቤቱም መዞር አለበት። ብዝበዛን ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ ኩባንያ ብቻ መፈለግ ቀላል ነው። መምህሩ ግሩፕ እንዲከፍት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲመልስና ያንንም በሪፖርት እንዲያቀርብ የሚያዝ መመሪያ ካለ፣ የኢንተርኔቱንም ጥቅል ከኪሱ የሚገዛ ከሆነ፣ እምቢ ማለትም በውጤት መመዘኛው ላይ ነጥብ የሚያስቀንስ ከሆነ፣ ሥራው በደቦ ስም ተጠርቶ ወደ ሁዳድ ጠባይ ይጠጋል። ይህን ለማወቅ መምህሩን «ሙያህን ትወዳለህን?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። መመሪያውን፣ የሪፖርቱን ቅጽና የጥቅሉን ወጪ አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

መለካትና የሚለካው ሰው

ሞጣና ቢቸና ለምርምር ዘዴ የሚሰጡት ሌላም ትምህርት አለ፤ እርሱም የመለካት ጉዳይ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከሁሉ ይበልጥ ተቃውሞ የተነሣው በጎጃም ሲሆን፣ የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች ከዋናዎቹ መካከል ነበሩ። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገበሬዎች አመጽ ጥናት ሰፊ ቦታ የሰጠው ለዚሁ ነው። ገበሬው የተቃወመው የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። የመሬት ልኬትና ግምት በሌላው አገር ምን እንዳስከተለ ሰምቶ ነበርና፣ የተለካ ርስት ነገ የሚወሰድ ርስት ነው ብሎ ሠጋ። በመጨረሻም መንግሥት ግብሩን በጎጃም ከማስፈጸም ተቆጠበ፤ ውዝፉንም ማረ።

ለዛሬው ተመራማሪ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። መጠይቅም ልኬት ነው። የሚለካው ሰው መለኪያው ለማን እንደሚውል ካላወቀ፣ መልሱን ይደብቃል ወይም ጠያቂውን የሚያስደስተውን ይናገራል። ይህም አለማወቅ ሳይሆን ጥበብ ነው። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የሚያሳፍር ሐቅ አለ፤ ያልተከፈለበትን ሥራ የሚያጠናው ተመራማሪ ራሱ መጠይቁን የሚያስሞላው ያለ ክፍያ ነው። ተጠያቂው የሰጠው ሰዓት ለተመራማሪው የማዕርግ ጽሑፍ ይሆናል፤ ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ታትሞ ለተጠያቂው የማይደርስ ከሆነ፣ ጥናቱ የሚነቅፈውን ነገር ራሱ ደግሞታል ማለት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ፈቃድንና ዓላማን እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛውን ነው፤ ወንፈል የሚጠይቀው መልስ ከዚያ በላይ ነው።

እንደዚሁም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ መዘንጋት የለበትም። በዚያን ጊዜ የተሰበሰበ የመድረክ ቁጥር ስለ ሞጣና ስለ ቢቸና ዝምታን ብቻ ያሳያል። ዝምታው ግን የሥራ አለመኖር አልነበረም፤ ማስታወሻው ወደ ወረቀትና ወደ እጅ ግልበጣ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። መቋረጡ ከመድረኩ ጋር የተያያዘውንና ያልተያያዘውን ሥራ ለመለየት የሚያስችል ማነጻጸሪያ ቢሰጥም፣ የሕዝብን ችግር እንደ ቤተ ሙከራ መቁጠር ግን አይገባም። ጥናቱ ሰዎቹ ራሳቸው ስለዚያ ጊዜ ከሚናገሩት መነሣት አለበት።

የፍሬው መንገድ፦ ሦስት ማስረጃዎች

ፍሬን መከታተል ይቻላል ወይ ለሚል አንባቢ ከአካባቢውና ከአገሪቱ ሦስት ማስረጃዎች ሊቀርቡ ይችላሉ።

አንደኛው የሰባራ ድልድይ ነው። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ክፍሉ ከፈረሰ በኋላ፣ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት ክፍተቱን የሚሻገረው ከሁለቱም ወገን የቆሙ ሰዎች በገመድ እየሳቡት ነበር። ይህ ድካም በፎቶግራፍ ተነሥቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታተመ። ኬኔት ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ፎቶግራፉን አይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በ2002 ድልድዩ ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እዚህ ላይ የሰዎች ድካም ምስል ሆኖ ሄደ፤ ለመጽሔቱ ይዘት ሆነ፤ ወደ አገሩም ድልድይ ሆኖ ተመለሰ። የገመድ ሳቢዎቹን ሰዓት ብቻ የቆጠረ ወይም ፎቶ መነሣታቸው ደስ ብሏቸው እንደ ሆነ ብቻ የጠየቀ ጥናት ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፍ ነበር። መታወቅ የሚገባው ግን ፍሬው የተመለሰው በዕድል እንጂ በመብት አለመሆኑ ነው። አንድ ሰው መጽሔቱን ባይገልጥ ኖሮ ምስሉ እንደ ሄደ ይቀር ነበር። ዛሬ በየቀኑ ከገጠር የሚወጡት አያሌ ምስሎች እጣ በአብዛኛው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ እንዲገባ ኢትዮጵያውያን ባለ ሙያዎች ለዓመታት ደክመዋል። የዚያ ሥራ ፍሬ ለማንም ሳይሸጥ የሁሉም ሆነ፤ ዛሬ በስልኩ በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቀምበታል። ይህ ለትውልድ የተጠራ ደቦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው የቋንቋው ጽሑፍ ነው። ጉግል በየካቲት 2008 ዓ.ም. አማርኛን ጨምሮ 13 ቋንቋዎችን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ሲያስገባ፣ በፈቃደኞች የተዋጣ የትርጉም ሥራ እንደ ረዳው ኩባንያው ራሱ ገልጿል። አገልግሎቱ ለተጠቃሚው በነፃ ተመልሷል፤ ባለቤትነቱና ውሳኔው ግን በኩባንያው እጅ ቀርቷል። በሌላ በኩል ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ስብስብ በ2021 እ.ኤ.አ. አማርኛን ጨምሮ ለ10 ቋንቋዎች የስም መለያ መረጃ ሲያዘጋጅ፣ የደከሙት በርካታ ተሳታፊዎች የጥናቱ ጸሐፊዎች ሆነው ተቆጥረዋል፤ መረጃውም ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ሁለቱም በበጎ ፈቃድ ድካም ላይ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ወደ ወንፈል የቀረበ ሲሆን ሌላው ግን ከደቦ ተነሥቶ በሌላ ጎተራ የተከተተ ነው። «ያልተከፈለበት ሥራ» የሚለው ስያሜ ብቻውን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም።

ለመምህራን ኮሌጆች የሚበጅ አሠራር

ከላይ የተነገረው ሁሉ በተግባር ምርምር ትምህርት ውስጥ ሊሠራበት ይችላል። በመጀመሪያ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ዘዴን በመዋስ ተሳታፊው መምህር ለአንድ ሳምንት የሥራ መዝገብ ይይዛል። በመዝገቡ ላይ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ሥራውን ማን እንደ ጠራው፣ ጥቅሉን ማን እንደ ገዛ፣ በዚያ ሰዓት ሊሠራ የነበረው ምን እንደ ነበር ይጻፋል። ወንድና ሴት ተሳታፊዎች በእኩል ቁጥር መያዝ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ተመራማሪው አንድ ማስታወሻ መርጦ ከጸሐፊው ስልክ ጀምሮ እስከ ተማሪው ደብተር ድረስ ይከታተለዋል፤ በየደረጃው ማን እንዳየው፣ ማን ስሙን እንደ ፋቀ፣ በየትኛው ቻናል ማስታወቂያ እንደ ተጨመረበት ይመዘግባል። አንድ ማስታወሻን በሚገባ መከታተል ሺህ መጠይቅ ከማስሞላት የበለጠ የሚያስተምርበት ጊዜ አለ። ሦስተኛ፣ ቃለ መጠይቁ የሚደረገው መዝገቡና ዱካው ከታዩ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጥያቄው «ምን ይሰማሃል?» ሳይሆን «ይህ ማስታወሻ እዚህ መድረሱን ታውቅ ነበርን? ምን ሊመለስልህ ይገባል ትላለህ?» የሚል ይሆናል። አራተኛ፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ውጤቱ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ለተሳታፊዎቹ ይነበባል፤ እርማታቸውም ከጽሑፉ ጋር ይያያዛል። ለሰጡት ሰዓት ገንዘብ ባይገኝ እንኳ የኢንተርኔት ወጪያቸው ሊሸፈንና በፈቃዳቸው ስማቸው በተባባሪነት ሊጠቀስ ይገባል።

ይህ አሠራር ድክመት አለው። በጥቂት ሰዎች ላይ ስለሚያተኩር ስለ መላው አገር ለመናገር አያስችልም፤ የኩባንያዎቹንም ውስጣዊ አሠራርና ስልተ ቀመር አይከፍትም። ለዚህም የመጀመሪያውና የሦስተኛው መንገድ እገዛ ያስፈልጋል። እንዲጣሉ የተፈለገ መንገድ የለም፤ የተፈለገው የጥያቄው ቅደም ተከተል እንዲስተካከል ነው።

መደምደሚያ

ዋጋ ያልተከፈለበትን የማኅበራዊ መገናኛ ሥራ የሚያጠና ምርምር ከውጭ የመጣውን ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ በመተርጎም ብቻ አይሳካም። የሞጣና የቢቸና ገበሬ በቋንቋው ውስጥ ያስቀመጠው ልዩነት፣ ማለትም በብድር፣ በጥሪና በግዴታ መካከል ያለው ወሰን፣ ለዚህ ዘመን ሥራም ያገለግላል። ሥራ ያለ ደመወዝ መሠራቱ ብቻ በደል አይደለም፤ ኅብረተሰቡ ለዘመናት የኖረው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። በደል የሚሆነው ፍሬው ሳይታወቅ ሲወሰድ፣ መመለሻው ሲጠፋና እምቢ ማለት ሲያስቀጣ ነው። በደሉ ከባሕር ማዶ ኩባንያ፣ ከቅርብ መሥሪያ ቤት፣ ወይም ከተመራማሪው መጠይቅ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሦስቱም በአንድ ሚዛን መመዘን አለባቸው። ምሽቱን ለተማሪው ሲል የሚያመሽ መምህር ከምርምሩ የሚጠብቀው ሙገሳም ሐዘኔታም አይደለም፤ የድካሙ ሒሳብ በትክክል እንዲያዝለት ነው።